ጭምብሉ ለማን ነበር?

የኮሮና በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የምናውቀው አንድ ወጣት ከሥራ ሲመለስ ለዚያራ ወደ አያቱ ቤት ጎራ አለ። ታክሲ ውስጥ ጭምብሉን በሥርዓት አድርጎ ነበር። ከደጃፉ ሲደርስ ግን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተው። አፉን ሸፍኖ አያቱን ሰላም ማለት የተጠየፋቸው መስሎ ተሰማው። አያቱ በመስኮት ሲያዩት ኖሯል፤ ገና ሳይቀመጥ እንዲህ አሉት፦

«የኔ ልጅ፣ መንገድ ላይ ለማታውቃቸው ሰዎች ስታደርገው ቆይተህ ለኔ ታወልቀዋለህ?»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር እኛም አልነበረንም። ብዙዎቻችን ያንኑ አድርገናል። ፖሊስ ሲታየን ከአገጫችን ወደ አፍንጫችን እናወጣዋለን፤ እናትና አባታችን፣ አክስትና አጎታችን ዘንድ ስንደርስ ደግሞ እናወልቀዋለን። ማድረጉ ከሁሉ ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቦታ ተውነው ማለት ነው።

የሌላው ሰው ሐቅ

ሐኪሞች ያስረዱን ነገር ቀላል ነው። ሰው ሲናገር፣ ሲያስልና ሲያስነጥስ ከአፉና ከአፍንጫው በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ይወጣሉ። የኮሮና ቫይረስ የያዘው ሰው ገና ሕመሙ ሳይሰማው ወደ ሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ጭምብል የሚያደርገውን ሰው በመጠኑ ይከላከላል፤ ይበልጡን ግን ከእርሱ የሚወጣውን እዚያው በማስቀረት አጠገቡ ያለውን ይጠብቃል። ስለዚህ «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ አልፈራም» የሚለው አነጋገር ጥያቄውን አይመልሰውም። የተጠየቅነው ለራሳችን መፍራታችንን ሳይሆን ለሌላው ማሰባችንን ነውና።

ይህ ሐሳብ ለሙስሊሙ አዲስ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ነጭ ሽንኩርት ሐላል ምግብ ነው። ሆኖም ሽታው በሶፉ ውስጥ ያለውን ሰው ስለሚያስቸግር የበላው ሰው ከጀመዓ እንዲርቅ ተደረገ። ለሽታ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ሰውን አልጋ ላይ ለሚጥል በሽታ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያስነጥሱ ፊታቸውን በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ይሸፍኑና ድምፃቸውን ይቀንሱ እንደነበርም አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል።

ተወኩልስ?

«የተጻፈው አይቀርም፤ ጭምብል ማድረግ የተወኩል ጉድለት ነው» የሚሉ ወንድሞች ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። ለእነርሱ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ታሪክ በቂ መልስ ይሰጣል። ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሶሓቦችን አማክረው ሕዝቡን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) «ከአላህ ቀደር ይሸሻልን?» የሚል ጥያቄ ሲያነሱ፣ ዑመር ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ ነገሯቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባትን፣ ካለበትም ሸሽቶ አለመውጣትን የሚያዝዘውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል አሰሙ፤ ዑመርም አላህን አመሰገኑ። በቀደር ማመንና ሰበብ ማድረስ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ሌላው ጥያቄ የሶላት ጉዳይ ነበር። በሶላት ላይ አፍን መሸፈን በሐዲስ የተከለከለ መሆኑን አንስተው የተጨነቁ ምእመናን ጥቂት አልነበሩም። ዑለማዎች ክልከላውን የተረዱት መክሩህ በሚለው ደረጃ ነው፤ መክሩህ ደግሞ በቂ ምክንያት ሲኖር ይነሳል። በ1441 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 2020) ሐጅ ያደረጉት በሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ እንደነበሩና በካዕባ ዙሪያ ጭምብል አድርገው፣ ተራርቀው ጠዋፍ ማድረጋቸውን ሁላችንም በቴሌቪዥን ያየነው ነው።

ዛሬ ምን ቀረ?

የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮናን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው በሚያዝያ 2015 ነው። ግዴታው ቀርቷል፤ ጭምብሉም ከየኪሳችን ወጥቷል። በሽታው ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጉንፋንና የሳንባ ነቀርሳም በትንፋሽ እንደሚተላለፉ ናቸው። እንግዲህ ማንም በማያስገድደን ጊዜ የምናደርገው ነገር የእኛነታችን መለኪያ ነው።

የሚያስል ሰው ቢችል ቤቱ ይስገድ፤ መውጣት ግድ ከሆነበት አፍንጫውንና አፉን በደንብ ሸፍኖ ይውጣ። የታመመ ሰው የሚዘይርም እንዲሁ። ጭምብሉን ከፊት በኩል ሳይነካ በጆሮ ማሰሪያው ያውልቀው፤ የጨርቅ ከሆነ ይጠበው። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወላጆችም ለልጆቻቸው «በሽታ እንዳይዝህ» ብቻ ሳይሆን «አያትህን እንዳታስይዛቸው» ብለው ያስረዷቸው።

እንግዶችን የምንቀበል ሰዎችም ድርሻ አለን። አፉን ሸፍኖ የመጣን ዘመድ «ተጸየፍከን ወይ?» አንበለው፤ ለእኛ ብሎ ያደረገው ነውና እንመርቀው።

ያ ወጣት በዚያን ዕለት ጭምብሉን ከኪሱ አውጥቶ አጠለቀና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። አያቱም ቡናቸውን አቀረቡለት። ሲኒውን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣና እዚያ ጠጣ፤ በክፍቱ በር እያወጉም አመሹ።

አላህ (ሱ.ወ.) አንዳችን ለሌላችን እፎይታ እንጂ ጉዳት የማንሆን ያድርገን። አሚን።