የመስቀል ወፍ ዓመቱን ሙሉ የት ትኖራለች?

በዚህ ጽሑፍ ስለ ተፈጥሮ ፎቶግራፍ አነሣሥ ጥቂት ለማብራራት እሞክራለሁ።

የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ውድ ካሜራ አንግቶ አንበሳ ፍለጋ የሚጓዝ ሰው ነው። ይሁን እንጂ የግቢያችንን ወፍ፣ በአጥር ላይ የምትሄደውን እስስት፣ የጎመን ቅጠል የሚበላውን አባጨጓሬ ማንሳትም ያው የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ነው። እንዲያውም ለመምህር ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

ለወራት ጠፍቶ ድንገት ብቅ ያለ ሰው «ምነው፣ የመስቀል ወፍ ሆንክ!» ይባላል። ይህም ወፏ አደይ አበባ ሲፈካ ታይታ ከዚያ በኋላ ትሰወራለች ተብሎ ስለሚታመን ነው። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የመስቀል ወፍ በሌላው ጊዜ የት ትሄዳለች?» ብሎ ቢጠይቀን ምን ልንመልስለት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስቀል ወፍ የሚለው ስም እንደየአካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል። ከእነዚህም መካከል ድንቢጥ የሚያካክሉ፣ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ ያላቸው ይገኙበታል። እነዚህ ወፎች አገር ጥለው አይሄዱም። ክረምቱ ሲገባ ወንዱ አሮጌ ላባውን አራግፎ በደማቅ ላባ ይተካል። ጊዜው የመራቢያው ወቅት ስለሆነ በዚህ ላባ ሴቷን ይስባል፤ ሌላውን ወንድ ደግሞ ከያዘው ቦታ ያርቃል። በክረምት ሣሩ ስለሚረዝም ለጎጆ መሥሪያ ይሆናል፤ ለጫጩቶቹም ነፍሳት እንደ ልብ ይገኛሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ወንዱ ያንን ደማቅ ላባ ጥሎ እንደ ሴቷ ሰረዝ ሰረዝ ያለበት ቡናማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በማሳና በአውድማ ላይ በመንጋ ሆኖ እህል ሲለቅም እናየዋለን፤ ግን «ድንቢጥ ነው» ብለን ዝም ብለን እናልፈዋለን። እሷ እያልን ስንጠራት የኖርነው ያቺ ያማረች ወፍም ወንዱ ነው ማለት ነው። የቤት ዶሮ ላባዋን አራግፋ በአዲስ ስትተካ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ታዲያ ይህን በቃል ብቻ ብንነግረው ተማሪው ላያምነን ይችላል። ቢጠራጠርም እውነት አለው። ፎቶግራፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ረግረግ ወይም አንድ የማሳ ዳር መርጦ፣ ከሰኔ እስከ ጥር በየሁለት ሳምንቱ ከዚያው ቦታ ማንሳት ነው። ላባ በሚቀየርበት ሰሞን ገላው ግማሹ ቡናማ ግማሹ ቀይ የሆነ ወንድ ይገኛል። ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ይኸው ፎቶ ነው። ስልክ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቀንና ሰዓት ይመዘግባል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ የኛን ወርና ቦታውን በደብተር ጽፎ መያዝ ይገባል። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ለዓይን ቢያምርም ለትምህርት ግማሽ ነው።

ስለ አነሣሡ አራት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛው ብርሃን ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ጀምሮ ብርሃኑ አግድም ስለሚመጣ የላባው ቀለም ደህና ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ ከአናት ስለምትሆን የወፉ ዓይንና ሆድ በጥላ ይዋጣል። ፀሐይዋን ከጀርባችን ማድረግም አይዘንጋ።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ስልክ ላይ በጣት ዘርግተን የምናቀርበው በአብዛኛው መቅረብ ሳይሆን ያንኑ ምስል ማስፋት ነው፤ ስለዚህ ፎቶው ይደበዝዛል። ይልቅስ ወፉ የሚያዘወትረውን የአጥር እንጨት ለይቶ በአቅራቢያው ጸጥ ብሎ መቀመጥ ይሻላል። ወፍ ተከትሎ የሄደ ይበርርበታል፤ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ግን ይመጣለታል።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። እስስትና አባጨጓሬ ከላይ ወደ ታች ሲነሡ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላሉ። በእነሱ ልክ ዝቅ ብሎ፣ ካሜራው እንዲያነጣጥር ስክሪኑን በዓይናቸው ላይ መንካት ነው። በፊልም ካሜራ ዘመን አንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሣው ቢበዛ 36 ያህል ስለነበር እያንዳንዱ ፎቶ ገንዘብ ነበር። ዛሬ 50 አንሥቶ 49ኙን መሰረዝ ምንም አያስከፍልም።

አራተኛው ጥንቃቄ ነው። የወፍ ጎጆ ለማንሳት ብሎ ቅርንጫፍ ማጠፍ ወይም ቅጠል መመልመል በፍጹም አይገባም። መከለያው የተነሣ ጎጆ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። እናትየውም ደንግጣ ጥላው ልትሄድ ትችላለች። ጫጩት የሞተበትን ፎቶ ይዞ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ማስተማር አይቻልም።

ለሽርሽር ወይም ለትምህርታዊ ጉብኝት ራቅ ብለን ስንሄድም ደንቡ ያው ነው። በሐዋሳ ዓሣ ገበያ ራሰ በራው አባ ኮዳ ከሰው ጋር ስለተላመደ በተራ ስልክም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሰውን ብዙ ሳይፈሩ ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ሆኖም እንዲቀርቡን ብለን ምግብ መወርወር የለብንም፤ የሰው ፍርፋሪ የለመደ እንስሳ ለራሱም ለሰውም ችግር ይሆናል። ደግሞም ሰሜን ተራሮች ምናልባት አንድ ጊዜ እንሄድ ይሆናል፤ የትምህርት ቤታችን አጥር ግን በየቀኑ አለ።

ፎቶው ከተገኘ በኋላስ? 60 ተማሪ አንድ ስልክ ዙሪያ ሊሰበሰብ አይችልም። ማሳተም ካልተቻለ ፎቶውን እያዩ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በቀለም አስፍቶ መሣል ነው። ሦስት ሥዕል ይበቃል፤ የመስከረሙ፣ ላባ በመቀየር ላይ ያለው፣ የጥሩ። መልሱን ቶሎ ከመናገር ይልቅ ሦስቱን ጎን ለጎን ሰቅሎ «እነዚህ ስንት ዓይነት ወፎች ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

በበጋ ቡናማውን ወፍ በወንጭፍ የሚመታ ልጅ፣ የመስከረሙን ወፍ እየመታ እንደሆነ አያውቅም። ይህን ማሳወቅ የኛ ፈንታ ነው። ስለሆነም ለክረምት እረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ሁላችንም አንዳንድ ፎቶ ከነቀኑና ከነቦታው ይዘን ብንመለስ፣ ይህ ግድግዳ ለሁሉም ይበቃል።