አንዲት ፊደልና የሰው ስም፤ ስለሚመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች

ባለፈው ዓመት የአንድ የተማሪዎች ክበብ ገንዘብ ያዥ በነበረ ጓደኛችን የሒሳብ መዝገብ ላይ የመደመር ስሕተት ተገኘ። ገንዘቡ አልጎደለም፤ አንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ኖሯል። የክበቡ ጸሐፊ እኔ ስለ ነበርሁ፣ ጥፋቱ በቀላሉ ይቅር የሚባል መሆኑን በእንግሊዝኛ ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍሁ። ልጽፍ ያሰብሁት ቃል «ቪኒያል» የሚለው ነበር፤ የጻፍሁት ግን «ቪነል» ሆነ። ምሳ ሳይደርስ ጓደኛችን ጉቦኛ ነው ተብሎ ተወራ። ማስታወቂያውን ቀድጄ አርሜ ብለጥፍም፣ የመጀመሪያውን ያነበበ ሁሉ ማረሚያውን አላነበበውም።

እንግዲህ ትምህርታችንን ሁሉ በእንግሊዝኛ የምንከታተል ሰዎች እንዲህ ያለውን ስሕተት እንደ ተራ የፊደል ግድፈት ልናየው አይገባም። የሁለቱን ቃላት እናት ባውቅ ኖሮ አልሳሳትም ነበርና፣ የተማርሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

«ቪነል» የመጣው «ቬኑም» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ፍችውም ሽያጭ ማለት ነው። ሻጭን «ቬንደር» የሚያሰኘውም ይኸው ሥር ነው። ስለዚህ ቪነል ዳኛ ማለት ፍርዱን እንደ ሸቀጥ ገበያ ያወጣ ዳኛ ነው። «ቪኒያል» ግን «ቬኒያ» ከሚለው የላቲን ቃል የተወለደ ሲሆን፣ ይህም ምሕረት ወይም ይቅርታ ማለት ነው። በሮማ ካቶሊክ ትምህርት ቀላሉ ኃጢአት ለሞት ከሚያበቃው ኃጢአት የሚለየው በዚህ ቅጽል ነው። እነሆ፣ «አይ» የምትባለው አንዲት ፊደል ስትጎድል ምሕረት ወደ ጉቦ ተለወጠ።

ሁለተኛው ምሳሌ ሦስት ቃላት አሉት፤ እነርሱም «ኤሚነንት»፣ «ኢሚነንት» እና «ኢማነንት» ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ እኅትማማች ናቸው፤ ሥራቸው ወጣ ብሎ መታየትን፣ ጎልቶ መቆምን ያመለክታል። «ኤሚነንት» ከሌሎች በላይ ጎልቶ የሚታይ፣ ማለትም ዝነኛና የተከበረ ሰው የሚገለጽበት ነው። «ኢሚነንት» ደግሞ ከራስ በላይ እንደ ተንጠለጠለ ቋጥኝ ሊወርድ የተቃረበ ነገር ነው፤ አደጋና ጦርነት፣ ለእኛም ፈተና፣ በዚህ ቅጽል ይጠራሉ። አንድ ተማሪ «ኢሚነንት ፕሮፌሰር» ብሎ ቢጽፍ፣ ያመሰገነ እየመሰለው በላያችን ሊወድቅ የደረሰ ፕሮፌሰር ማለቱ ነው። ሦስተኛው፣ «ኢማነንት»፣ ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም። እርሱ መቆየትን፣ መኖርን ከሚያመለክት ሌላ የላቲን ግስ የመጣ የ«ፐርማነንት» ዘመድ ነው፤ በአንድ ነገር ውስጥ ያደረ፣ ከውስጡ የማይለይ ማለት ነው። የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ተማሪዎች ፈጣሪ በፍጥረቱ ውስጥ መኖሩን ሲያጠኑ ያገኙታል።

በላቲን የተለያዩ የነበሩት ድምፆች በእንግሊዝኛ ለምን ተመሳሰሉ? ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል፣ ሌሎቹም ሊቃውንት ከላቲን መጻሕፍት በቀጥታ እየወሰዱ ያስገቧቸው ናቸው። እንግሊዛዊ ግን ሲናገር በአንዱ ክፍለ ቃል ላይ አጥብቆ የቀረውን ያድበሰብሰዋል። ስለዚህ ጆሮ ያልለየውን ልዩነት ፊደሉ ብቻ ጠብቆ ያቆየዋል።

ለዚህ እኛ እንግዶች አይደለንም። በግዕዝ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ሠረቀ» ማለት ፀሐይ ወጣ ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን «ሰረቀ» ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። በአማርኛ አነጋገራችን ድምፁ አንድ ስለ ሆነ፣ ልዩነቱን የሚመሰክረው ፊደሉ ነው።

ይሁን እንጂ ሥርን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። «ኢንጂኒየስ» እና «ኢንጀንዩወስ» የሚሉትን እንመልከት። ሁለቱም መወለድን ከሚያመለክት አንድ የላቲን ሥር የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው «ኢንጌኒዩም» ከሚለው፣ አብሮ የተወለደ ተሰጥዎ ከሚባለው የወጣ ነው፤ ብልህና ፈልሳፊ ማለት ሲሆን፣ እኛም «ኢንጂነር» ስንል የዚህኑ ቤተ ሰብ ቃል እንጠራለን። ሁለተኛው በሮማ ሕግ ከባርነት ነፃ የወጣ ሳይሆን ነፃ ሆኖ የተወለደ ሰው ይጠራበት ነበር። ከዚያም ጨዋ፣ ቀጥሎ ግልጽና ተንኮል የሌለበት፣ በመጨረሻም የዋህ ወደ ማለት ዞረ። የሚያስገርመው ግን «ኢንጂንዩዪቲ» የሚለው ስም ነው፤ በመልኩ የየዋሁ ቃል ልጅ ሲሆን፣ ሰዎች ሁለቱን ሲያምታቱ ኖረው ዛሬ ትርጉሙ የብልሁ ሆኗል። ስለሆነም ሥር የቃሉን መነሻ ያስረዳል እንጂ ዛሬ ያለበትን ቤት አይወስንም፤ የሚወስነው የተናጋሪው ልማድ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥማችሁ በመዝገበ ቃላቱ ከፍቺው አጠገብ የተጻፈውን የቃሉን መነሻ ሳታነቡ አትለፉ። ከዚያም ቃሉ የገባበትን አንድ ዓረፍተ ነገር አብራችሁ አጥኑ። በተለይ የሰው ስም በሚነሣበት ጽሑፍ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ለሌላ ሰው አስነብቡ። እኔ ይህን አላደረግሁም፤ ዋጋውን ግን የከፈለው ጓደኛዬ ነው። እርሱ ይቅር ብሎኛል፤ ይቅርታውን ግን በአማርኛ ነው የነገረኝ።