ጓይ ትልን የሚያጠነክረው ቫይረስ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ባለው ጥቁር አፈር ሽምብራ የሚዘራ አርሶ አደር ጓይ ትልን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ትሉ ቅጠልና አበባ ይበላል፤ እሸቱን በስቶም ፍሬውን ይጨርሳል።

ተባይን የሚገድሉ ቫይረሶች እንዳሉ ብዙዎች ሰምተዋል። ይሁን እንጂ ሁሉም ቫይረስ የገበሬ አጋዥ አይደለም።

ዴንሶቫይረስ የሚባሉት እጅግ ጥቃቅን የዲ ኤን ኤ ቫይረሶች ነፍሳትንና እንደ ሽሪምፕ ያሉ የውኃ እንስሳትን ይይዛሉ። እ.ኤ.አ በ1964 ፈረንሳይ ውስጥ በንብ ቀፎ ሰም የሚበላ ትል ላይ የተገኘው ዝርያ ትሉን ይገድለዋል። በጓይ ትል ላይ የተገኘው ግን ተቃራኒ ነው። የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2014 እንዳስታወቁት፣ ይህ ቫይረስ ያለበት ትል ፈጥኖ ያድጋል፤ ገዳይ የሆነውን ባኩሎቫይረስና አነስተኛ መጠን ያለውን ቢቲ የተባለ የባክቴሪያ መርዝም ይበልጥ ይቋቋማል። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ መድኃኒት ብቻ መተማመን አያዋጣም። ሽምብራው ማበብ ሲጀምር ማሳን አዘውትሮ ማሰስ፣ ትሉ ትንሽ ሳለ እርምጃ መውሰድ፣ ሰብልን ማፈራረቅ ያስፈልጋል። ትሉ እሸት ውስጥ ከገባ ርጭት አይደርስበትም። የወረዳ ባለሙያዎችም ከርጭት በኋላ የተረፈውን ትል ቆጥረው ቢመዘግቡ፣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ምርት ከመጥፋቱ በፊት ያውቃሉ።