«ወባ ያው ወባ ነው» የሚሉን ሰዎች

«ወንድሜ፣ ወባ ያው ወባ ነው። ምን ያደክምሃል? ኮአርተም ገዝተህ ዋጥ።»

ይህን ምክር ኮዬ ፈጬ ውስጥ በታክሲ ሰልፍም በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይም ሰምቼዋለሁ። ምክሩን አምኖ የተቀበለ አንድ ጎረቤቴ ልስን ሠራተኛ ነው። ትኩሳቱ ሲነሳ ኮአርተም ይውጣል፣ ይሻለዋል፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ እንደገና ያንቀጠቅጠዋል። አንዱ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» አለው፤ ሌላው «ሰውነትህ ለምዶታል» አለው። ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ቫይቫክስ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ የወባውን ዓይነት የጠየቀ አልነበረም።

ምክሩ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው፤ ኮአርተም ደም ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም ይገድላል፣ ትኩሳቱም ይበርዳል። ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ የሚያደባ ቅሪት አለው። ይህ ቅሪት አዲስ የትንኝ ንክሻ ሳያስፈልገው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነቅቶ ወደ ደም ይመለሳል። ኮአርተምም ሆነ ሌላው የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን አይደርስበትም። ለእሱ የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ሲሆን፣ በአገራችን የተለመደው አወሳሰድ 14 ቀን ነው። ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ዓላማውም በሽታው በትንኝ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሻገር ነው። ፕሪማኩዊንንም ቢሆን ማንም በግምት እንዲውጠው አልመክርም። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል።

የተገላቢጦሹ ስህተት ይብሳል። ቤት ውስጥ ከቫይቫክስ ታማሚ የተረፈ ክሎሮኪን ፋልሲፓረም ለያዘው ሰው ሲሰጥ በጣም ያናድደኛል። ፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ከተቋቋመ ቆይቷል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚህ ዓይነት ወደ ኮአርተም የተሸጋገረችው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋልሲፓረም በቀናት ውስጥ አንጎልን አጥቅቶ ሊገድል ይችላል። ታማሚው ትኩሳት ላይ ሆኖ የሰማውን ቢያደርግ አልፈርድበትም። ደም ሳያስመረምሩ የሚመክሩትንና የሚሸጡትን ግን አልታገሣቸውም።

ዓይነቱን የሚለየው የባለሙያ ዓይን ነው። ክሊኒኮቻችን «ቢኤፍ» በሚሉት ምርመራ ከጣት የተወሰደ ደም መስታወት ላይ ሁለት ዓይነት ቅብ ይሆናል፤ ወፍራሙ ተሕዋሲው መኖሩን፣ ስሱ ደግሞ ዓይነቱን ለማወቅ ይረዳል። መድኃኒት ከተጀመረ ተሕዋሲው ከደም ስለሚጠፋ ደም የሚሰጠው ከዚያ በፊት ነው። ሕመምተኞች ናሙናው ሲወሰድ መጠየቅ ያለባቸው ነገርም አለ። ደሙ ወደ ሌላ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ ቅቡ እዚያው ተሠርቶ ይላክ። ብልቃጥ ውስጥ ለሰዓታት የቆየ ደም የተሕዋሲውን መልክ ያበላሻል፣ መለየቱንም ያስቸግራል። ውጤቱ ላይ «ፖዘቲቭ» ብቻ ተጽፎ ከተሰጣችሁ «ፒኤፍ (ፋልሲፓረም) ነው ወይስ ፒቪ (ቫይቫክስ)?» በሉ፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

አንድ ነገር ግን ማይክሮስኮፑም አይመልስም። ቫይቫክስ ሲመለስ ከጉበት የነቃ ይሁን አዲስ የተነከሱት፣ ተሕዋሲውን በማየት ብቻ አይታወቅም።

«ኮዬ ፈጬ ደጋ ነው፣ ወባ የለም» የሚሉም አሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ እንደ ቆላው አይሰራጭም፣ እውነት ነው። ግን የአዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ ቱሉ ዲምቱ ከአጠገባችን ነው፤ አዳማ፣ መተሐራና ባቱ ደርሶ የሚመለሰው ሰው ተሕዋሲውን ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። ስለዚህ በቅርብ ወራት የት እንደነበራችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

«ካላንቀጠቀጠ ደም አይሰጥም» የሚለውም ስህተት ነው፤ ብርድ ብርድ እስኪል መጠበቅ ሕክምናን ከማዘግየት ሌላ ጥቅም የለውም። «ነጌቲቭ ከሆነ አለቀ» የሚለውም እንዲሁ። ተሕዋሲው ጥቂት ከሆነ አንድ ቅብ ሊያመልጠው ይችላል። «አርዲቲ» የሚባለው ፈጣን ምርመራም አንዳንድ ፋልሲፓረምን አያይም፤ ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ዝርያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝተዋል። ትኩሳቱ ካልለቀቀ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሳችሁ ደም ስጡ፣ ቢኤፍ እንዲሠራላችሁም ጠይቁ።