ነጩን ትቶ ጠይሙን የሚያጠቁር ብርሃን

ለለምጽ የብርሃን ሕክምና የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስታወት ሲያይ ሊደነግጥ ይችላል። ነጩ ቦታ እንደነጣ ነው፤ ዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ ግን ጠቁሯል። በጠይም ሰው ላይ ደግሞ ልዩነቱ አፍጥጦ ይወጣል። «ጭራሽ ባሰብኝ» ብሎ ሕክምናውን የሚተው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ አስቀድሞ የነገረው ከሌለ ምን ያድርግ?

በሽታው ግን አልባሰም። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሜላኖሳይት የሚባሉ ህዋሳት ናቸው፤ ለምጽ የሚወጣውም የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ሜላኖሳይቶቹን ሲያጠፋ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው 311 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ነው። ጨረሩ ጤነኛው ቆዳ ላይ ሲያርፍ በሥራ ላይ ያሉ ሜላኖሳይቶችን ያገኛል፤ እነሱም ፀሐይ እንደመታቸው ሁሉ በቀናት ውስጥ ቀለም ያመርታሉ። ነጩ ላይ አምራች የለም። ከጸጉር ሥር ተደብቀው የተረፉ፣ ገና ቀለም መሥራት ያልጀመሩ ህዋሳት ነቅተውና ተባዝተው ወደ ላይ መውጣት አለባቸው፤ ይህ ወራት ይፈጃል። ለዚህም ነው ቀለሙ ሲመለስ መጀመሪያ ሰፌድ ላይ እንደተበተነ ቀይ ጤፍ፣ በየጸጉሩ ቀዳዳ ዙሪያ ጠብ ጠብ ብሎ የሚታየው። ጸጉር የማያበቅሉት የጣት ጫፍና ከንፈር ብዙም አይመልሱም።

አዲሶቹ ነጠብጣቦች ከዙሪያቸው ጠቆር ሊሉ ይችላሉ፤ ብዙውን ጊዜ እየዋሉ እያደሩ ይመሳሰላሉ። ግብጻዊው ሐኪም አብደል ሞኔም ኤል ሞፍቲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከናይል ሸለቆ ዕፅዋት በተገኘ፣ ሶራለን በሚባል ንጥረ ነገር የጀመረው፣ በኋላ ከአልትራቫዮሌት ኤ ጋር የተጣመረው ሕክምና በዚህ በኩል ይብሳል፤ ጤነኛውን ቆዳ ይበልጥ ያጠቁራል።

ለምጹ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ጤነኛውን ቆዳ መሸፈን፣ ወይም ነጩን ብቻ በ308 ናኖሜትር ኤክሳይመር ሌዘር ማነጣጠር ይቻላል። መላ ሰውነት በሚታከምበት ጊዜ ግን መጥቆሩ አይቀርም፤ ጨረሩ ሲቆም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይለቃል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እየታከሙ 72 ጊዜ ሳይሞላ «አልሠራም» ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው።

ሊያስፈራ የሚገባው ሌላ ነው፦ ከአንድ ቀን በላይ የቆየ መቅላት፣ ሕመም፣ ውሃ የቋጠረ ቆዳ። ይህ ቃጠሎ ነው። የለምጽ ታማሚ ቆዳ ሲጎዳ ደግሞ እዚያው ላይ አዲስ ነጭ ሊወጣ ስለሚችል፣ ከቀጣዩ ቀጠሮ በፊት ለሐኪሙ ነግሮ መጠኑን ማስቀነስ ያስፈልጋል።