ሳይሞቅ የቀለጠ ጨው

ሁለት ብረቶች የቱንም ያህል ተሞርደውና ተወልውለው ቢያብረቀርቁ፣ በረቂቅ መነጽር ለሚመረምራቸው ሰው ገጻቸው ኮረብታና ሸለቆ የሞላበት ሆኖ ስለሚታይ፣ አንዱ በሌላው ላይ በተንሸራተተ ጊዜ ጫፍ ከጫፍ እየተጋጨ እንቅስቃሴውን ይገታዋል፤ ይህንንም መገታት ሊቃውንት ሰበቃ ይሉታል። ሆልምበርግና ኤርዴሚር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ባወጡት ጥናት እንደ ገመቱት፣ ዓለም ከሚፈጀው ኃይል 20 ከመቶ ያህሉ ሰበቃን ለማሸነፍ፣ 3 ከመቶ ያህሉም በሰበቃ የተበላውን ዕቃ ለመተካት ይውላል።

ዘይት በብረቶቹ መካከል ገብቶ እስከ ለያያቸው ድረስ ጉዳቱ ይቀላል። ነገር ግን ሞተሩ ገና ሲነሣ፣ ወይም ፒስተኑ ካሚሻ በሚባለው የሲሊንደር ቤቱ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል ሲመላለስ ከሚዞርበት ጫፍ ደርሶ ለቅጽበት በሚቆምበት ጊዜ፣ ዘይቱ ተጨምቆ ይሸሽና ፋሻ የሚባለው የፒስተኑ ቀለበት ከካሚሻው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ለዚህች ክፉ ቅጽበት ሲባል፣ ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከዚንክ፣ ከፎስፈረስና ከድኝ የተቀመመ መድኃኒት በሞተር ዘይት ውስጥ ሲጨመር ኖሯል፤ እርሱም በሰበቃው ግለትና ግፊት ፈርሶ በብረቱ ገጽ ላይ እጅግ ስስ የሆነ መከላከያ ልባስ ይሠራል። ነቀፋው ግን ፎስፈረሱ ከጭሱ ጋር ወጥቶ የመኪናውን የጭስ ማጣሪያ ማበላሸቱ ስለሆነ፣ ለቤንዚን መኪናዎች በሚዘጋጁ በብዙዎቹ ዘይቶች ዘንድ የፎስፈረሱ መጠን ከ0.08 ከመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል።

ሌላ መድኃኒት ሲፈለግ የተገኘው እንግዳ ነገር ጨው ነው። የወጥ ጨው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከሆኑ፣ አዮን ከሚባሉ ረቂቃን ክፍሎች የተዋሐደ ሆኖ፣ እነዚህም ትንንሾችና የተስተካከሉ በመሆናቸው ተጣብቀው ስለሚሰለፉ፣ ለማቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልጋል። አዮኖቹ ግዙፋንና ቅርጸ ጎደሎ በሆኑ ጊዜ ግን መሰለፍ ይሳናቸውና ጨውነታቸውን ሳይለቁ እንደ ፈሰሱ ይኖራሉ። የሪጋው ኬሚስት ፓውል ቫልደን በ1914 በ12 ዲግሪ የሚቀልጥ ጨው ማግኘቱን ገልጦ ሳለ፣ ነገሩ ለብዙ ዘመን እንደ ተራ ጉድ ተቆጥሮ ቀረ። አዮናዊ ፈሳሽ የተባለው ይህ ወገን ወደ ተንነት ለመለወጥ እጅግ የዘገየ፣ በቀላሉም የማይቃጠል ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ግን አዮኖቹ በባሕርያቸው የኤሌክትሪክ ኃይል የተሸከሙ ስለሆኑ ወደ ብረቱ ገጽ ተስበው በላዩ መደርደራቸው ነው።

በ2001 በቻይና በላንጆ ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች እነዚህን ፈሳሾች ለማለስለሻነት ማቅረባቸውን ባስታወቁ ጊዜ የተሰማው ውዳሴ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጥቂት የቸኮለ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ከተሞከሩት አያሌዎቹ ፍሎሪን ያለባቸው ስለ ነበሩ፣ ከእርጥበት ጋር ሲገናኙ የሚበላ አሲድ እየወለዱ ሊጠብቁት የሚገባቸውን ብረት ራሱን ይጎዱት ነበርና። ዋጋቸውም ሞተርን በሙሉ በእነርሱ ለመሙላት የሚያስደፍር አልነበረም። በዘይት ውስጥ ጥቂት ጠብታ ለመጨመር ቢታሰብ ደግሞ ሌላ ዕንቅፋት መጣ፤ ጨው ከዘይት ጋር አይስማማምና አብዛኞቹ ተለይተው ይቀሩ ነበር።

ይህን ዕንቅፋት በአሜሪካ በቴነሲ ያለው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ሲሠራ በ2012 ያሳወቀው ብልሃት አቃለለው። በጨዉ ፖዘቲቭ አዮን መካከል ያለውን የፎስፈረስ አተም በአራት ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለት፣ ሦስቱን ባለ 6፣ አንዱንም ባለ 14 ካርቦን አድርገው ከበቡት፤ አቻው የሆነውን ኔጋቲቩን አዮንም እንዲሁ ቅባታም ሰንሰለት አለበሱት። ሰንሰለቶቹ የዘይቱ ዘመድ ስለሆኑ ጨዉ በፈለጉት መጠን ከዘይት ጋር ተዋሐደ፤ ከዘይቱም 1 ከመቶ ያህል ብቻ ቢጨመር የብረቱን መበላት በብርቱ ቀነሰ።

ፎስፈረስ ግን አሁንም አለበት፤ ስለዚህ የቀደመውን ነቀፋ ጨርሶ አመለጠ ማለት አይቻልም። የዚያው ላቦራቶሪ ሰዎች በ2015 እንዳሳተሙት፣ አዲሱ ጨውና አሮጌው የዚንክ ቅመም በአንድ ዘይት ሲገናኙ አዮን ተለዋውጠው አዲስ ውሕድ ሳይወልዱ አልቀሩም፤ እርሱም በዘይቱ ገጽ ላይ ከመደበኛ መጠኑ ከ30 እስከ 70 እጥፍ ተከማችቶ ሁለቱ ለየብቻቸው ከሚያደርጉት የበለጠ ሰበቃንና መበላትን ቀነሰ። ስለዚህም አዲሱ መጤ ነባሩን ሽሮ በወንበሩ እንዲቀመጥ ከመጣር ይልቅ፣ የዚንኩን መጠን ቀንሶ አብሮት እንዲያገለግል ማድረጉ የተሻለ መንገድ ሆኖ ተገኘ።