ያውቁ ኖሯል? 500 እርማት፣ 30 ቀን
በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ስለ አረብና እስራኤል ግጭት የተጻፈን ጽሑፍ ለማረም አካውንት መክፈት ብቻ አይበቃም። የድረ ገጹ የግልግል ኮሚቴ በ2015 እ.ኤ.አ. በደነገገው መሠረት፣ አካውንቱ ቢያንስ 30 ቀን የሞላውና 500 እርማት የተሠራበት መሆን አለበት። «ማንም ሊያርመው ይችላል የተባለ መዝገበ ዕውቀት ለጀማሪ እንዴት በሩን ይዘጋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ጠብ አንሥቶ የታገደ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ በሌላ ስም ተመልሶ ጠቡን ሊቀጥል ይችላል፤ 500 እርማት ግን እንዲህ በቀላሉ አይሞላም። የጀማሪውም አፍ አልተለጎመም፤ በውይይት ገጹ ላይ «ይህ ዓረፍተ ነገር በዚህ ይተካ» ብሎ፣ ምንጭ ጠቅሶ ማመልከት ይችላል። ደንቡ ጥብቅ ቢሆንም ፍትሐዊ ነው። እርስዎም ለማረም ካሰቡ ስለ ወንዝ፣ ስለ ከተማ ወይም ስለ ስፖርት በተጻፉ ጽሑፎች ይጀምሩ።